ጂሚ ሄንድሪክስ፦ ሻካራውን ድምፅ ዜማ ያደረገው ጊታሪስት እና የጆርጂያው ሌሊት

ዕለቱ እ.አ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1970 ነው። ከአትላንታ በስተደቡብ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ባይረን በተባለች ትንሽ የጆርጂያ ከተማ፣ ከመኪና መወዳደሪያ ሥፍራ አጠገብ ባለ ሜዳ ላይ በመቶ ሺህዎች የሚገመት ሕዝብ ተሰብስቧል። አሜሪካ የነፃነት ቀኗን እያከበረች ነው። እኩለ ሌሊት ገደማ ቀጭን፣ ረጅም፣ ግራኝ ጊታሪስት ወደ መድረኩ ወጣ። ዕድሜው 27 ነበር።

የሕዝቡ ዓይን ያረፈው በጊታሩ ላይ ነው። ከእግሩ ሥር ተደርድረው ከነበሩት ትንንሽ የብረት ሳጥኖች ላይ ያረፈ ዓይን ግን ጥቂት ሳይሆን አይቀርም። ከእነሱ አንዷ ክብ ነበረች። በውስጧ ያሉት ዕቃዎች በአንድ መዳፍ ይያዛሉ፦ ሁለት ትራንዚስተሮች፣ ጥቂት ሬዚስተሮችና ካፓሲተሮች፣ ሁለት መዘውሮች እና አንድ ባለ 9 ቮልት ባትሪ። ጂሚ ሄንድሪክስ ሌሎች እንደ ብልሽት የሚቆጥሩትን ድምፅ የሕይወቱ ቋንቋ ያደረገው በእነዚህ ሳጥኖች አማካይነት ነው።

ከዚያ ሌሊት በኋላ በሕይወት የቆየው 76 ቀናት ብቻ ነው።

መጥረጊያ እና አንድ አውታር ያላት ዩኩሌሌ

ሄንድሪክስ የተወለደው እ.አ.አ. ኖቬምበር 27 ቀን 1942 በሲያትል ከተማ ነው። እናቱ ሉሲል ሲወልዱት ገና የ17 ዓመት ወጣት ነበሩ። አባቱ አል ሄንድሪክስ ደግሞ ወታደር ስለነበሩ በውልደቱ ጊዜ አልነበሩም። መጀመሪያ የወጣለት ስም ጆኒ አለን ሲሆን፣ አባቱ ከውትድርና ከተመለሱ በኋላ ጄምስ ማርሻል ብለው ለወጡት።

ቤተሰቡ ድሃ ነበር፤ ትዳሩም አልጸናም። ወላጆቹ ተፋቱ። እናቱ በ1958፣ እሱ ገና 15 ዓመቱ ሳለ አረፉ። ልጁ ጊታር የመያዝ ምኞቱን በመጥረጊያ ይወጣ ነበር፤ የመጥረጊያውን እንጨት እንደ ጊታር አቅፎ አውታር እንደሚመታ ሰው ጣቶቹን ያንቀሳቅሳል። አንድ ቀን አባቱ የሰው ቤት ጓሮ ሲያጸዱ ሊያግዝ ሄዶ፣ ከተጣለ ዕቃ መካከል አንድ አውታር ብቻ የቀራት ዩኩሌሌ አገኘ። በዚያች አንድ አውታር ላይ በራዲዮ የሚሰማቸውን ዜማዎች እየፈለገ ማውጣት ጀመረ።

ቀጥሎ በአምስት ዶላር የተገዛች አሮጌ ጊታር፣ ከዚያም በ1959 አባቱ የገዙለት የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ጊታር መጣ። ጊታሮቹ የተሠሩት ለቀኝ እጅ ሲሆን እሱ ግን ግራኝ ነበር። ስለዚህ ጊታሩን ገልብጦ ይይዝና አውታሮቹን እንደገና በቅደም ተከተላቸው ያስራቸዋል። ዕቃን እንዳለ አለመቀበል፣ ለራሱ እንዲመች አድርጎ መለወጥ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የለመደው ነገር ነበር።

ከሠራዊቱ እስከ ደቡብ መድረኮች

በወጣትነቱ በተሰረቁ መኪኖች ውስጥ ሁለት ጊዜ በመገኘቱ ተያዘ። እስር ቤት ከመግባት ሠራዊቱን መረጠና በ1961 ተመዘገበ። በኬንታኪና በቴነሲ ድንበር ላይ በሚገኘው ፎርት ካምቤል፣ በ101ኛው አየር ወለድ ክፍለ ጦር ውስጥ ከአውሮፕላን በጃንጥላ መዝለልን ተማረ። ይሁንና ልቡ ያለው ጊታሩ ዘንድ ነበር፤ አለቆቹም ለውትድርና የሚሆን ሰው እንዳልሆነ ስላመኑ በ1962 ተሰናበተ።

ከሠራዊቱ ይዞ የወጣው ትልቁ ነገር ወዳጅነት ነው። አንድ ቀን ሌላ ወታደር በካምፑ የመዝናኛ ክበብ አጠገብ ሲያልፍ ከውስጥ የሚወጣውን የጊታር ድምፅ ሰምቶ ገባ። ያ ወታደር የቤዝ ተጫዋቹ ቢሊ ኮክስ ነበር። ሁለቱ ከሠራዊቱ ሲወጡ በክላርክስቪልና በናሽቪል አብረው ባንድ መሠረቱ። በ1970ው የጆርጂያ ሌሊት ከሄንድሪክስ ጎን ቆሞ ቤዝ የተጫወተውም ይኸው ሰው ነው።

የዘር መለያየት ሕግ ገና ባልተነሳበት በዚያ ዘመን ጥቁር ሙዚቀኞች በደቡብ ክፍለ ግዛቶች የሚዞሩባቸው የታወቁ ክበቦችና አዳራሾች ነበሩ። በአትላንታ ከሁሉ የገነነው በኦበርን ጎዳና የሚገኘው ሮያል ፒኮክ ነው። በዚህ የክበቦች ሰንሰለት ያለፈ ጊታሪስት ሁለት ነገር ይማራል፦ ከዘፋኙ ኋላ ሆኖ በሥርዓት ማጀብን፣ እና ተመልካችን መያዝን። ሄንድሪክስ ጊታርን በጥርስ መጫወትን ጨምሮ በኋላ ዓለምን ያስገረሙትን ትርኢቶች የቀሰመው ከዚህ ትምህርት ቤት ነው።

በ1964 ወደ ኒውዮርክ ሄዶ ከአይዝሊ ብራዘርስ ጋር ሠራ። ቀጥሎም የጆርጂያዋ ሜከን ከተማ ተወላጅ የሆነውን የሮክ ኤንድ ሮል ፈር ቀዳጅ ሊትል ሪቻርድን አጀበ። ይሁን እንጂ አጃቢው ከዋናው ዘፋኝ በላይ መድመቁ አልተወደደለትም፤ በሰዓት አለመገኘቱም ተጨምሮ ከባንዱ ወጣ። ገንዘብ አልነበረውም። በኦክቶበር 1965 በአንድ ዶላር ቅድመ ክፍያና በአንድ በመቶ ድርሻ የሦስት ዓመት የቀረጻ ውል ፈረመ። ያ ወረቀት ዝነኛ ከሆነ በኋላ እስከ ፍርድ ቤት ተከትሎታል።

ከብልሽት የተወለደ ድምፅ

ሄንድሪክስ ናሽቪል ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በዚያችው ከተማ የጊታርን ታሪክ የለወጠ አጋጣሚ ደርሶ ነበር። በ1961 መጀመሪያ የወጣው የዘፋኙ ማርቲ ሮቢንስ ዘፈን ሲቀረጽ፣ የግሬዲ ማርቲን ጊታር ያለፈበት የመቅረጫ መሣሪያ ክፍል ተበላሸ። የወጣው ድምፅ ሻካራና የሚነዝር ነበር። ዘፈኑ እንደዚያው ወጣ፤ ተወደደም። የቀረጻ ባለሙያው ግሌን ስኖዲ ብልሽቱ የፈጠረውን ድምፅ በትራንዚስተር መልሶ የሚያወጣ ትንሽ ሳጥን ሠራ፤ ጊብሰን ኩባንያ በ1962 ማይስትሮ ፈዝ ቶን ብሎ ለገበያ አቀረበው። ሮሊንግ ስቶንስ በ1965 ባወጡት ዝነኛ ዘፈን ውስጥ ሲጠቀሙበት ዓለም ሁሉ ሰማው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ መረዳት አይከብድም። የጊታር አውታር ሲንቀጠቀጥ ከአውታሩ ሥር ያለው ማግኔት እንቅስቃሴውን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ ይለውጠዋል። ሞገዱ እንደ ለስላሳ ኮረብታና ሸለቆ ከፍና ዝቅ ይላል። ይህ ሞገድ ትራንዚስተሩ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ሲጎላ የኮረብታው ጫፍ ይቆረጣል። ጫፉ የተቆረጠ ሞገድ በመጀመሪያው ድምፅ ውስጥ ያልነበሩ ተጨማሪ ድምፆችን ይወልዳል፤ ጆሯችን የሚሰማው መሻከር ይህ ነው። ጫፉ በቀስታ ሲጎብጥ ኦቨርድራይቭ፣ በስለት እንደተመታ ሲቆረጥ ደግሞ ፈዝ ይባላል።

ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ይህ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በገና ደርዳሪ በአውታሩና በበርኩማው መካከል የምትገባዋን ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራን፣ ወዲህና ወዲያ እያንቀሳቀሰ ያን የሚነዝር ድምፅ እስኪያገኝ ይደክማል። እንዚራ የሌለው በገና ድምፁ ጥርት ያለ ቢሆንም ነዛሪው ግርማው ይጎድለዋል። በናሽቪል በድንገት የተገኘው፣ የበገና ሠሪዎች ለዘመናት ሆን ብለው ሲፈልጉት የኖሩት ዓይነት ነገር ነው።

በለንደን የተበየዱት ሳጥኖች

በ1966 የአኒማልስ ባንድ የቤዝ ተጫዋች የነበረው ቻስ ቻንድለር ሄንድሪክስን በኒውዮርክ አንድ ካፌ ውስጥ ሲጫወት ሰማውና በሴፕቴምበር ወር ወደ ለንደን ይዞት ሄደ። በዚያም ከከበሮ ተጫዋቹ ሚች ሚቸል እና ከቤዝ ተጫዋቹ ኖኤል ሬዲንግ ጋር የጂሚ ሄንድሪክስ ኤክስፒሪየንስ ተመሠረተ። ሚቸል በልጅነቱ በሠራበት የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ በኩል ሄንድሪክስን ከድምፅ ማጉያ ሠሪው ጂም ማርሻል ጋር አስተዋወቀው። ጄምስ ማርሻል የተባለው ሙዚቀኛና ስመ ሞክሼው የሆነው ሠሪ በዚህ መንገድ ተገናኙ።

በዚያው ዓመት መገባደጃ አርቢተር የተባለው የለንደን ኩባንያ ፈዝ ፌስ የተባለችውን ክብ ፔዳል ለገበያ አወጣ። ቅርጿ የማይክሮፎን መቆሚያ እግርን የሚመስል ሲሆን፣ መዘውሮቿን ጨምሮ በውስጧ ያሉት ዕቃዎች 11 ብቻ ናቸው። ቀላልነቷ ግን አታላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ትራንዚስተሮች ከጀርማኒየም የተሠሩ ነበሩ። ጀርማኒየም አንዱ ከሌላው እኩል አይሆንም፤ የሙቀት መጠን ሲለዋወጥም ጠባዩ ይለዋወጣል። በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ያማረ ድምፅ የነበራት ፔዳል በሐሩር ላይ ልትደነቃቀፍ ትችላለች። ስለዚህ ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ቀን የወጡ ሁለት ፔዳሎች እንኳ አንድ ዓይነት አይናገሩም። ጥሩዋን ለማግኘት ብዙ ሞክሮ መምረጥ ያስፈልግ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ሮጀር ሜየር የሚገባው። ወጣቱ እንግሊዛዊ በብሪታኒያ የባሕር ኃይል የምርምር ተቋም ውስጥ በንዝረትና በድምፅ ጥናት ላይ የሚሠራ ባለሙያ ሲሆን፣ በትርፍ ሰዓቱ ለጊታሪስት ጓደኞቹ የፈዝ ሳጥኖችን ይሠራ ነበር። በ1967 መጀመሪያ ከሄንድሪክስ ጋር ሲተዋወቅ ኦክታቪያ ብሎ የሰየማትን ሳጥን አሳየው። ይህች ሳጥን የሞገዱን የታችኛውን ግማሽ ወደ ላይ ታጥፈዋለች፤ አንዱ ሸለቆ ኮረብታ ሲሆን የኮረብታዎቹ ቁጥር እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህም ከተመታው ድምፅ አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለ ድምፅ አብሮ ይሰማል። ሄንድሪክስ ወዲያው «ፐርፕል ሄዝ» ውስጥ ተጠቀመባት።

ከዚያ በኋላ ሜየር የሄንድሪክስን ፔዳሎች እየከፈተ መለወጡን ቀጠለ። በእንዲህ ዓይነት ሥራ ውስጥ ትንሽ ለውጥ ትልቅ ውጤት አለው። መግቢያው ላይ ያለውን ካፓሲተር ማሳነስ ወፍራሙን ድምፅ ይቀንሳል፤ የሁለተኛውን ትራንዚስተር ቮልቴጅ ከባትሪው ግማሽ አጠገብ፣ ማለትም 4.5 ቮልት ገደማ እንዲያርፍ ማስተካከል ድምፁ ሳይታነቅ እንዲወጣ ያደርጋል። ጀርማኒየሙን በሲሊከን መተካት ደግሞ ድምፁን የበለጠ የሰላ፣ ለሙቀትም የማይበገር ያደርገዋል።

ነገር ግን ሳጥኑ ብቻውን ሄንድሪክስን አይፈጥርም። የፈዝ ፌስ ልዩ ጠባይ ከጊታሩ ጋር በቀጥታ መተሳሰሯ ነው፤ በጊታሩ ላይ ያለው የድምፅ መቀነሻ በትንሹ ሲመለስ ሻካራው ድምፅ እንደ ደወል ይጠራል፤ እስከ መጨረሻው ሲከፈት ደግሞ ይጮኻል። ሄንድሪክስ በዘፈን መካከል በትንሿ ጣቱ መዘውሩን እየነካ ከሹክሹክታ ወደ ነጎድጓድ ይሸጋገር ነበር። ሌሎች ፔዳሉን እንደ መብራት ማብሪያና ማጥፊያ ሲጠቀሙበት፣ እሱ እንደ ጉሮሮ ተጠቀመበት።

ኦገስት 1968፣ አትላንታ

በጁን 1967 በካሊፎርኒያው የሞንተሬይ ፌስቲቫል ጊታሩን በእሳት ካቃጠለ በኋላ፣ በአገሩ ሳይታወቅ የወጣው ሰው ዝነኛ ሆኖ ተመለሰ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ኦገስት 17 ቀን 1968፣ በአትላንታ የማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ቀረበ።

ወቅቱ ለአትላንታ ከባድ ነበር። የከተማዋ ልጅ ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተገደሉ አራት ወር ብቻ ሆኗል፤ የቀብራቸው ሥነ ሥርዓት የተፈጸመው አዳራሹ ካለበት ሥፍራ ብዙም በማይርቀው በኦበርን ጎዳና በኩል ነው። የጆርጂያ አገረ ገዥ ሌስተር ማዶክስ ደግሞ፣ ከአራት ዓመት በፊት ጥቁር ደንበኞች በአትላንታ ወደሚገኘው ምግብ ቤታቸው እንዳይገቡ በመከልከላቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። ሄንድሪክስ ከጥቂት ዓመታት በፊት በደቡብ የዞረው ለጥቁሮች ብቻ በተመደቡ ክበቦች ነበር፤ አሁን አብዛኛው ተመልካቹ ነጭ ወጣት ሆኗል። ይህ ለውጥ ለእሱ ክብርም ሸክምም ነበር፤ በሁለቱም ወገን የኔ አይደለህም የሚል ስሜት ይገጥመው ነበርና።

ዝናው እየገፋ ሲሄድ ድካሙም በረታ። በ1969 አጋማሽ የመጀመሪያው ባንድ ፈረሰ። በዚያው ዓመት በቶሮንቶ አየር ማረፊያ አደንዛዥ ዕፅ ተገኝቶብሃል ተብሎ ተከሰሰ፤ በዓመቱ መጨረሻ ነፃ ወጣ። ያ የአንድ ዶላር ውል ያስከተለው ሙግት ደግሞ አንድ ሙሉ አልበም አስከፈለው። በኒውዮርክ የራሱን ስቱዲዮ እያስገነባ ስለነበር ወጪውን ለመሸፈን ከመድረክ መድረክ መዞር ግድ ሆነበት። ለአዲሱ ጉዞ የድሮ የሠራዊት ጓደኛውን ቢሊ ኮክስን ጠራ።

የነፃነት ቀን ሌሊት

ሁለተኛው የአትላንታ ዓለም አቀፍ ፖፕ ፌስቲቫል ከጁላይ 3 እስከ 5 ቀን 1970 ተካሄደ። አዘጋጁ አሌክስ ኩሊ ሲሆን የመግቢያው ዋጋ 14 ዶላር ነበር። ሆኖም የመጣው ሕዝብ ከተጠበቀው እጅግ ስለበለጠ አጥሩ ሊገታው አልቻለም፤ ዝግጅቱ በነፃ ሆነ። የሕዝቡ ቁጥር ከ200 ሺህ አንስቶ በብዙ እጥፍ ከፍ እየተደረገ ተገምቷል። ሄንድሪክስ በአሜሪካ ምድር ካገኛቸው ታዳሚዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ሥፍራው ሊትል ሪቻርድ ከተወለደባት ከሜከን ከተማ ብዙም አይርቅም። ከአምስት ዓመት በፊት አጃቢ ሆኖ ከኋላ የቆመው ሰው፣ አሁን በቀድሞ አለቃው የትውልድ አካባቢ ዋናው እንግዳ ሆኖ ቀረበ።

በዚያ ሌሊት ርችት ሰማዩን ሲያበራ የአሜሪካን ብሔራዊ መዝሙር በጊታሩ አሰማ። ከ11 ወራት በፊት በዉድስቶክ መድረክ እንዳደረገው ሁሉ፣ መዝሙሩ በሻካራው ድምፅ ውስጥ አልፎ ሌላ ነገር ሆነ። ዜማው ይታወቃል፤ ነገር ግን በዜማው መካከል የሚያለቅስ፣ የሚፈነዳ፣ የሚያፏጭ ድምፅ ይሰማ ነበር። የቬትናም ጦርነት ያኔ አላበቃም፤ አብረውት የጃንጥላ ዝላይ የተማሩበት ክፍለ ጦርም እዚያው ነበር። የቀድሞው አየር ወለድ ወታደር አንዲት ቃል ሳይናገር መዝሙሩን ከውዳሴም ከተግሣጽም በላይ አደረገው። ጥርት ባለ ድምፅ የተጫወተው ቢሆን ኖሮ ይህን መናገር ባልቻለ ነበር።

ዝግጅቱ በፊልም ቢቀረጽም ምስሉ ለአሥርተ ዓመታት ሳይታይ ቆየ። በ2015 በዘጋቢ ፊልም መልክ ሲወጣ፣ ብዙዎች ስለዚያ ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሙ።

አጭሩ ማብቂያ

በኦገስት 26 ቀን 1970 ኤሌክትሪክ ሌዲ የተባለው ስቱዲዮው በኒውዮርክ በይፋ ተከፈተ። ሄንድሪክስ ግን ወዲያው ወደ አውሮፓ መብረር ነበረበት። ሴፕቴምበር 18 ቀን በለንደን ከብዙ የእንቅልፍ ክኒኖች በኋላ ትንፋሹ ታፍኖ ሕይወቱ አለፈ። የድካሙ ዋጋ የሆነውን ስቱዲዮ የተጠቀመበት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። የተቀበረው በሲያትል አቅራቢያ በሬንተን ነው። ኑዛዜ አልተወም፤ አባቱ የልጃቸውን ሥራዎች መብት በእጃቸው ያስገቡት ከረጅም ሙግት በኋላ በ1995 ነው።

በራሱ ስም ሥራዎቹን ያወጣው ለአራት ዓመታት ያህል ብቻ ቢሆንም፣ የከፈተው መንገድ አልተዘጋም። የዋው ዋው ፔዳል ድምፅ በዚያው ዘመን በሙላቱ አስታጥቄ የኢትዮ ጃዝ ሥራዎች ውስጥም ተሰምቷል። በ1970ዎቹ መጨረሻ የጃፓን ኩባንያዎች የድምፁን ጫፍ በቀስታ የሚያጎብጡ የኦቨርድራይቭ ፔዳሎችን አወጡ፤ ዛሬም በየአገሩ ያሉ ወጣቶች በመኖሪያ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ እነዚህኑ ሳጥኖች እየበየዱ ይሠራሉ። የፈዝ ፌስ 11 ዕቃዎች ለጀማሪ የመጀመሪያ ትምህርት ሆነዋል። አንዱን ካፓሲተር አውጥቶ ሌላ መተካት፣ አውታሩን መምታት፣ ማዳመጥ፣ እንደገና መለወጥ፤ ሜየርና ሄንድሪክስ ያደረጉት ይህንኑ ነው።

በአትላንታ የተጫወተበት አዳራሽ ሥፍራ ዛሬ የጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። በባይረን ደግሞ በ2012 የመታሰቢያ ምልክት ቆሟል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከአትላንታ ተነስቶ በ75 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ የሚነዳ ሰው በአጠገቡ ያልፋል። መጥረጊያ አቅፎ ሙዚቃን ያለመ ልጅ፣ ከተጣለ ዕቃ አንዲት አውታር አንስቶ፣ የተበላሸ የሚመስል ድምፅ እየጠገነ ሳይሆን እያከበረ፣ የአንድ ትውልድን ደስታና ሕመም የተናገረው እዚያ ሜዳ ላይ ነበር።